በገዛ አፌ ስላስነበቡኝ ፊልም የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ጓድ ሙሉብርሃን አብተው
የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርትና የኪነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም የፊልም ደራሲና አንሺ
ናዝሬት
ሰኔ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ትከሻዎ ካሜራ ለመሸከም፣ አንገትዎም መንገድ ላይ እኔን ሲያይ ወደ ሌላ ለመዞር እንደ ወትሮው ብርቱ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ክራሬም ደህና ነው፤ የሚጫወትበት ቤት ብቻ ታሽጓል።

ይህን የምጽፍልዎ ከማታው ትምህርት አንደኛ ወጥቼ የምስክር ወረቀቴን ከእጅዎ የተቀበልሁት ነጋሳ ቀነዓ ነኝ። አንደኛ መውጣቴን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ከእኔ በጣም ርቆ መቅረቱንም እጨምር ነበር። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎም ፊልምዎን ያሳዩት በግልጽ ስለሆነ ነው። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስላከበሩኝ። አምና ጎማ ሊያስነፉ ወደ ወዳጄ መርዳሳ ጎሚስታ መጥተው ክራሬን ሰሙና፣ ከየትም መሥሪያ ቤት ትእዛዝም ገንዘብም ሳይቀበሉ በራስዎ ካሜራ ስለ አንድ ችግረኛ ዘፋኝ ፊልም እንደሚሠሩ ነገሩኝ። «ፊልሙ የማንም አይደለም፤ የእኔና የአንተ ነው» አሉኝ። እኔም ችግረኛ ለመምሰል ልምምድ አላስፈለገኝም፤ ጫማዬ ብቻውን ዋና ተዋናይ መሆን ይችል ነበር።

ሁለተኛ፣ እንዳምንዎ ስላደረጉኝ። ኮሚቴዎ ያላጸደቀውን ዘፈን ሆቴል ውስጥ መዝፈን ስለማይቻል፣ እሑድ እሑድ ከጎሚስታው ጓሮ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ኋላ እንሰበሰብ ነበር። መርዳሳ ኮምፕሬሰሩን ያስነሳና አኮርዲዮኑን ያነግታል፤ አሳየች ከወንጂ የሸንኮራ አረም ሥራዋ መጥታ ትዘፍናለች። ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ጸጥ ሲል መንገደኛ እንዳይሰማን እኛም ጸጥ እንላለን፤ መርዳሳ አየሩን አስተንፍሶ እንደገና ሲያስነሳው አሳየች ካቋረጠችው ቃል ትቀጥላለች። የፍቅር ዘፈን በጎማ አየር ሲለካ ያየ ከእኛ በቀር ማን አለ? መርዳሳ ካሜራዎን አይቶ «ተው ነጋሳ፣ ይሄ ሰውዬ ኮሚቴ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን «ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው አይከዳኝም» ብዬ፣ ጎማውን በእጄ አንከባልዬ መግቢያውን አሳየሁዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊልሙ ምረቃ። በቀበሌው አዳራሽ መርዳሳና አሳየች ከጎኔ ተቀምጠው ፊልሙ ሲጀመር፣ ሸራው ላይ አፌ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የኪነት ቡድንዎ ስለ ችግኝ ተከላ የዘፈነው ነው። ይህንንስ በሳቅ አለፍሁት፤ እንዲያውም ችግኙ ሳይጸድቅልኝ አልቀረም። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። ከኋላችን የተቀመጡት አዴ ዲንቄ «ምን ይላል?» ቢሉ፣ ፊደል ሳይ የማያስችለኝ ሰው ነኝና ተነስቼ «ዝም በሉ፣ እኔ አነብላችኋለሁ!» አልሁ። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ የማልታጠብ መሆኔን እርስዎ ያውቃሉ። ባስተማሩኝ መሠረት እያንዳንዱን ቃል ለይቼ፣ ትርጉሙን ለኋላ አቆይቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦

«ይህ ዜጋ፣ ያልተፈቀደ ዘፈን የሚዘፈንበትን ሥውር ቤት፣ በፈቃዱ፣ ለኮሚቴው፣ ጠቁሟል።»

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። አዴ ዲንቄ «እሰይ! ጀባዱ! በርታ!» አሉ። ትርጉሙ የደረሰኝ ዘግይቶ፣ ከመርዳሳ ፊት ላይ ነው።

አራተኛ ልል ነበር፤ ለዚህኛው ግን ቁጥር አልሰጠውም። በማግስቱ ጎሚስታው ታሸገ፤ ኮምፕሬሰሩም አኮርዲዮኑም እንደተቆለፈባቸው ቀሩ። አሳየች ከወንጂ መምጣት ተወች። መርዳሳ ዛሬ በሰው ጋራዥ መፍቻ ያቀብላል፤ ሰላም ስለው የሚያየው መፍቻውን ነው። አኩርፎኛል እንዳልል ያኮረፈ ሰው ይታረቃል። እርሱ የሚያስበኝ እንደ ሞኝ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ጠቋሚ ነው፤ መርዳሳ ይህን ከሌላ ሰው አልሰማም፤ ከራሴ አፍ ነው የሰማው። እኔ ክራር ስመታ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ አድርጎ የመታኝ ግን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው፣ «ነጋሳ አልጠቆመም፤ እኔ በፊልም ስም ገብቼ ነው ያወቅሁት» ይበሉልኝ። ቤቱን ቢከፍቱት እሰየው፤ ባይከፍቱትም ይህችን ቃል አይንፈጉኝ። አጭር ናት፤ ካስቸገረዎ እኔ አስጠናዎታለሁ።

ካሜራዎ በደረሰበት ሁሉ በር እንዲከፈትልዎ፣ በሩን የሚከፍትልዎ የዋህም እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

በፊልምዎ አፉን ያዋሰዎ፣
ነጋሳ ቀነዓ (አንደኛ የወጣው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ የደረሰው ግልባጩ ነው። ዋናውን በታሸገው በር ላይ ለጥፌ፣ በገበያ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት አንብቤዋለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አስቀድሜ በልቤ እስከ መጨረሻው አንብቤ፣ የሚለውን ካወቅሁ በኋላ ነው። እርስዎን የሚነካው ቦታ ላይ ስደርስ ፈራሁና ድምፄ አነሰ። ያን ጊዜ ከሰው ኋላ መርዳሳ፣ «ጮክ በል እንጂ ነጋሳ፣ ምን ያንሾካሹክሃል? ኮምፕሬሰሩ እንደሆነ ታሽጓል!» አለኝ። ጮክ አልሁ። ቢሮዎ ድረስ ካልተሰማ ይላኩብኝ፤ መጥቼ እደግመዋለሁ።