«ቦታ የለም» የተባለው ክፍል

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥር 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለትልቋ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? የጨንቻ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ሆድሽስ? እማዬ «አሁን ጎንበስ ማለት አቅቷት ይሆናል» እያለች እዚህ ሆና ወገቧን ይዛ ትዞራለች፤ ያረገዘችው እሷ ትመስላለች። እኛ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር ደህና ነን። ያልደወልኩት ረስቼሽ አይደለም፤ የቤቱ ሞባይል የሚኖረው አባዬ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ ፖም ሊያመጡ ለሚወጡት ለወይዘሮ በለጥሽ ሰጥቻቸዋለሁ። እንዳያነቡት በሙጫ ለጥፌዋለሁ፤ ተቀዶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

እማዬ «ልጄ የመጀመሪያዋን እኔ ቤት ነው የምትታረሰው» ስትል አባዬ ምን እንደሚመልስ ታውቂያለሽ። እምቢ አይልም። «ጴንጤ አግብታ ጥላን ሄዳ» የሚለውን እንኳ ትቶታል። አሁን «ቦታ የለም» ብቻ ሆኗል መልሱ። «የት ትተኛለች?» ይላል። እውነቱን ነው፣ የለም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ክፍልሽን «ነገ እሠራዋለሁ» በሚለው ዕቃ ሞላው። ክንፍ የሌለው ቬንቲሌተር፣ እግራቸው የጎደለ ሦስት ወንበሮች፣ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ፣ ከጫኖ ማንጎ የመጣባቸው የእንጨት ሣጥኖች፣ ጡረታ ሳይወጣ የገዛቸው ጋዜጦች። እማዬም ንጹሕ አይደለችም። ለእኔ ክርስትና ብላ የጀመረችውን የአልጋ ልብስ ጥልፍ እዚያው አገኘሁት፤ አበባው ግማሽ ላይ ቆሟል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ባለፈው የአባዬን የደም ግፊት የለካችው ነርስ «ጋሼ፣ ጭንቀት ይቀንሱ» አለችው። «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ» አላት። ያልጨረሰውን ሥራ ሲቆጥር ይውልና ራሴን አመመኝ ይላል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ቅዳሜ እሱ የእድር ስብሰባ ሲሄድ እኔ የክፍልሽን በር ከፈትኩ። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ይገድልሻል!» አለች፤ መጥረጊያውን ያቀበለችኝ ግን እሷው ናት። ያለውን ሁሉ ግቢ አወጣሁት። ቆራሌው ብረታ ብረቱን በሁለት ፕላስቲክ ጆግ ለወጠኝ። ሲሚንቶውን «ለጠላቴም አልሰጠው» ብሎ ትቶት ሄደ።

አባዬ ከጋሽ ሸዋንዳኝ ጋር ተመለሰ። በር ላይ ቆሞ «ተዘርፈናል እንዴ?» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ነርሷ» አልኩት። «ጭንቀትህን እየቀነስኩልህ ነው።»

ጋሽ ሸዋንዳኝ ለሽምግልና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚ ልጄ፣ የአባት ንብረት አይነካም፤ በእኛ ጊዜ እንኳን ዕቃውን ጥላውንም አንረግጥ…» ብለው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ከክፍሉ አውጥቼ ግድግዳው ሥር ያቆምኩት መሰላል ላይ አረፈ። «ይሄ የእኔ መሰላል አይደለም እንዴ?» አባዬ አምስት ዓመት ሙሉ «መልሼልሃለሁ» እያለ ሲምልላቸው ነበር፤ የመለሰው መስሎት ነው። ሽምግልናው እዚያ ላይ ቀረ። መሰላላቸውን ተሸክመው ሄዱ።

አባዬ አንዱን ወንበር አንስቶ ወደ ክፍሉ መለሰ። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። መቃኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አንዱን ካስገባህ መልሼ አወጣዋለሁ» አልኩት። «አልፈልጋትም ማለት ከፈለግህ አልፈልጋትም በል። በወንበር አታሳብብ።»

እማዬ ጆጓን እንደያዘች ደረቀች። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ወንበሩን መሬት አስቀምጦ ባዶውን ክፍል ያያል። «ይሄ ክፍል እንዲህ ሰፊ ነበር?» አለ፤ ማንንም አልጠየቀም።

ይቅርታ በይው ያለችኝ እማዬ ናት። አላልኩም፤ አልልምም። እሱም አኮረፈኝ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ሸሚዙን አውልቆ የማንጎ ሣጥኖቹን ፈታትቷቸዋል፤ አልጋ እየሠራ ነው። አንድ ሥራ ሲጨርስ አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ አየሁት። ቀና ሳይል «ያ ሰውዬ ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት፤ አውቄ ነው።

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ዘካሪያስ» አለ።

የባልሽን ስም ከአባዬ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የእኛን በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም አልኩት። ሜትሩን እንደገና ዘረጋና የቆረጠውን ጣውላ ወደ ጎን ጥሎ ሌላ፣ ረዘም ያለ አነሳ።

ነይ ብሎሻል ብዬ አልዋሽሽም፤ አላለም። ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ወንበር ሊያስገባ የሚመጣ ካለም በሩ ላይ አለሁ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። አንቺ ቤት በሌላ ቃል የሚመረቅ ከሆነ የእነሱንም የእኔንም ደርበሽ ተቀበዪ። ወፍራሙን ብርድ ልብስ እዚያው ተዉት፤ እዚህ አያስፈልጋችሁም።

አፏ የማያርፈው ታናሽ እህትሽ