የባቡሩ ወሬና የእማዬ ሳፋ

ታኅሣሥ 18፣ ላሊበላ

ዛሬ ከወልዲያ ስመለስ ሚኒባሴ ውስጥ የተወራው ሁሉ ይመጣል ስለተባለው ባቡር ነው። አንዱ ተሳፋሪ «ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ሊጭን ነው አሉ» ብሎ ጀመረ። ጋሸና ለምሳ እስክንወርድ ድረስ ገና ላልመጣ ባቡር የመስኮት ወንበር ሲሻሙ ነበር። እኔ መሪዬን ይዤ ስለ እንጀራዬ አሰብኩ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እሷ በየዓመቱ ለገና በእግራቸው የሚመጡትን እንግዶች እግር ታጥባለች። ዘንድሮም ሳፋዋን ከወዲሁ አጽድታ በር ላይ ደፍታዋለች። ወሬውን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«በባቡር ከመጡማ የማንን እግር ላጥብ ነው? ያልደከመ እግር አጥቤ ምን በረከት አገኛለሁ?»

እኔ ለገበያዬ፣ እሷ ለበረከቷ፣ ሁለታችንም ተክዘን ተቀመጥን። ቆይታ «ለመሆኑ እዚህ ድረስ ይወጣል?» አለችኝ።

«ኧረ የት ችሎት! ለካ ወልዲያ ላይ ነው የሚቀረው።»

ፊቷ ወዲያው በራ። «እንግዲያማ ዳገቱ የእኛ ነው! መራመድ ያቃታቸውን አንተ ታመጣለህ፤ የቀሩት በእግራቸው ይመጣሉ።»

ይህን ብላ ሳፋውን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ነውር ነው! ደግሞ እኔ በመኪና ነው የመጣሁት።»

«ፍሬኑን በምንህ ስትረግጥ ዋልክ? አውልቅ ጫማህን!»

አጠበችኝ። ያ ባቡር አንድ ቀን ቢመጣ፣ ነጂውም አያመልጣትም።