ከዜሮ በታች ያለው ዐሥራ ሁለት

ሰኞ፣ ጥር 1 ቀን 1964 ዓ.ም.

ኅዳር 8፦ የልብ ምት መመዝገቢያው መሣሪያ ጎንደር ደረሰ።
ኅዳር 20፦ የኃይል ሳጥኑ ተቃጠለ።
ታኅሣሥ 4፦ የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ በላቸው መሣሪያው ወደ አዲስ አበባ ይመለስ አሉ።
ታኅሣሥ 5፦ የመሣሪያ ጠጋኟ እኔ ግን በመኪና ባትሪ አሠራዋለሁ አልኩ።
ዛሬ፦ መሣሪያው ገና አልሠራም።

ለጥገና ተብሎ አዲስ አበባ የሄደው ማይክሮስኮፕ እስካሁን አልተመለሰም። ይህም ከሄደ አይመለስም። ደጋ ላይ ላሉት ጤና ጣቢያዎች ሌላ የለም።

መሣሪያው ከዜሮ በላይ ዐሥራ ሁለት ቮልት፣ ከዜሮ በታችም ዐሥራ ሁለት ይፈልጋል። ባትሪው የሚሰጠው የላዩን ብቻ፤ እሱም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ኃይሉን በፍጥነት ይከፍታል፣ ይዘጋል። በዘጋ ቁጥር የሽቦው ጥቅል የያዘውን ኃይል ይለቃል… በአንዱ ሽቦ ፖዘቲቩን፣ በተገላቢጦሽ በተጠመጠመው ነጌቲቩን። በወረቀት ላይ ይሠራል። ታዲያ ነጌቲቩ ለምን ዐሥራ ሁለት አይሞላም?

አቶ በላቸው በበሩ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ከዜሮ በታች ምን አለ፣ ወይዘሪት ይመኙሽ? እኔ መጋዘን ውስጥ ከዜሮ በታች ዕቃ አይቼ አላውቅም።» ሠራተኞቹ ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ አይካድም። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 3

ተገኘ። የሠራሁት ሰርኪት የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ብቻ ነው። ፖዘቲቩ ኃይሉን የሚወስድለት አጥቶ ሥራ ሲፈታ ትራንዚስተሩ ያርፋል፤ እሱ ሲያርፍ ነጌቲቩ ይራባል። ፖዘቲቩ ላይ ትንሽ አምፖል አሰርኩ፤ ሥራ እንዳይፈታ። ሁለቱም ዐሥራ ሁለት ላይ ረጉ።

ለማንም አልተናገርኩም። ደግሜ ሳልለካ አልናገርም።

ማክሰኞ፣ ጥር 9፤ ዳባት

ሾፌሩ አያ ሰጠኝ ጤና ጣቢያው አደረሱን። አቶ በላቸውም አብረው መጡ፤ ስወድቅ ለማየት ይመስለኛል። ታካሚዋ አበቡ ትባላለች። ከወለደች ወዲህ ትንፋሽ ያጥራታል።

ባትሪውን አገናኘሁና ምሳ ሄድን፤ ስንመለስ መሣሪያውን አበራሁት። የልብ ምቱን የሚሥለው ብዕር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተኝቶ ቀረ።

«ይኸው» አሉ አቶ በላቸው። «ጥምቀት ሲያልፍ ይጫናል።» ወጥተው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ።

ለካሁ። ፖዘቲቩ ደህና ነው። ነጌቲቩ ስድስት… አምፖሏ የለችም! ነርሷን፣ ሲስተር የዓለምወርቅን፣ ጠየቅኳት። ከኪሷ አወጣችልኝ።

«በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ይሠራል? ባትሪ ትጨርሳለች ብዬ ነዋ።»

እዚህ ባትሪ የሚሞላው ጎንደር ተወርዶ ነው። ማን ይወቅሳታል? መልሼ አሰርኩ። ብዕሩ ተነሣ። አበቡ አንገቷን አቅንታ አየች። «የኔ ነው? ምነው ይሄን ያህል ይሮጣል?» ወረቀቱን ጎንደር ላለው ዶክተር አደርሳለሁ አልኳት።

አቶ በላቸውን ጠርቼ አሳየሁ። አምፖል ሲነቀልበት የሚሞት መሣሪያ መሣሪያ አይባልም አሉ።

እውነት ነው። መሣሪያው ይመለስ ያሉት ግን ይህን እውነት ሳያዩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 13

በአምፖሏ ፈንታ፣ ልክ እንደሷ ኃይል የሚወስድ ሬዚስተር ከውስጥ በየድኩ። ማንም አይነቅለውም። ከጠዋት እስከ ማታ አሠራሁት። ንቅንቅ የለም።

ዶክተሩ የአበቡን ወረቀት አይቶ ቶሎ አምጧት ብሏል። ሌሎቹንም ታካሚዎች እዚያው ዳባት እንድመዘግብ ጠየቀኝ።

ሰኞ፣ ጥር 15

የአዲስ አበባው ጭነት መኪና ጠዋት መጣ። አቶ በላቸው መሣሪያው የተቆለፈበትን የክፍሌን ቁልፍ ጠየቁ።

«መሣሪያው ይሠራል» አልኩ።

«ይሠራል ወይ አላልኩሽም። አስረክቢ ነው ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

ከሥራ እንደምታገድ ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ሲሰማ ነገሩኝ። ከሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ መልስ አዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ ግን መሣሪያው ራሱ ይሠራል። ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸውም ቆሙ። የጭነት መኪናው ሾፌር ሰልችቶት ሞተሩን አስነሣ… ሄደ።

አያ ሰጠኝ ነገ ወደ ዳባት መንገድ አለን ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለን አልኳቸው። «ሸጋ» አሉ።

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ቁልፉን አልሰጠሁም።