ሁለተኛው ክፍል

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፶፰ ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ፈተና ሳርም ዋልኩ። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጣቴ እርሳስ አልይዝ አለ። ከሰዓት ተዘዋዋሪው የሲኒማ መኪና ገባ። ገበያተኛው ሹፌሩን ከቦ ሁለተኛው ክፍል መጣ ወይ እያለ ያዋክበዋል። ሹፌሩ ግራ ገብቶታል። የያዘው ያንኑ የድሮውን ነው።

ደብተሬ፣ ያኔ ስላልነበርሽ ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት ነው። ባለ ባርኔጣው አሜሪካዊ የሚወዳትን ልጅ ወደብ ላይ ትቶ በመርከብ ይሄዳል፤ ፊልሙ እዚያው ያልቃል። ሰዉ አንነሣም አለ። በማይክ ቆሞ ወደ አማርኛ የሚመልስልን ሙ. ነበር፤ የት/ቤታችን መምህር፣ ሊያገባኝ ቃል የገባልኝ። ጠብቂኝ፣ እመለሳለሁ ብሏታል አለን። መመለሱን በሁለተኛው ክፍል ታያላችሁ አለ። ይህን ሲል እኔን ነበር የሚያየው።

በማግስቱ ለትምህርት አ.አ. ሄደ። ደብዳቤው ከቀረ ሁለት ዓመት አለፈ። ከተማው ፊልሙን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን።

ሐሙስ ፲፫

እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የደነባ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው የላካቸው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ አንድም እንከን አላወጣለትም። አባባ አሁንስ ምን ልበላቸው አሉ። መሪጌታ ናቸው፣ ቃላቸው አጭር ነው። ቡናውን መቅዳቴን ስቀጥል ላም አለኝ በሰማይ ብለው ተነሡ። ራት አልበላሁም። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሲኒማው ተርጓሚ የለውም። የት/ቤቱ ዲሬክተር እንግሊዝኛ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ፣ ቅዳሜ ማይኩን ያዢ አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። የሙ. ቦታ ላይ መቆም አማረኝ መሰለኝ።

ዓርብ ፲፬፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

አዳራሹን በብርድ ልብስ አጨልመን ፊልሙን ለብቻ አየሁት። ህንዳዊው የሒሳብ መምህር አብሮኝ ነበር። የሆሊውድ ነገር ሲነሣ ምሳውንም ይረሳል። ፊልምም እንደ ት/ቤት ዲሬክተር አለው አለኝ፤ ዝናቡን፣ እንባዋን፣ መርከቡን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። የዚህኛው ሞቷል። ፊልሙ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ባለ ባርኔጣው ዛሬ ሽማግሌ ነው፣ ራሱ ተመልጧል። እኔ እንደዚያ የወደድኩት ፊት።

ሁለተኛ ክፍልስ አልኩት። ሳቀ። ኖሮትም አያውቅም አለኝ።

ከዚያ ወደቡ መጣ። ያኔ እንግሊዝኛዬ ለፈተና የምሸመድደው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቃል በቃል ሰማሁት። ማሽኑን የሚያዞረው ሹፌሩ ነው፤ ጥቅሉን ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንዲደግምልኝ ለመንኩት። ደገመው። አትጠብቂኝ ነው የሚላት። አልመለስም፣ አግቢ፣ ልጆች ውለጂ።

ሙ. እንግሊዝኛ አያጣም። ዐውቆ ነው። አዝኖልኝ ይሆን? ወይስ ራሱም ሊያምነው ፈልጎ? ይህን ማንን ልጠይቅ።

እሑድ ፲፮፣ ጧት

ትናንት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባባ በሕይወታቸው ሲኒማ ረግጠው አያውቁም፤ ልጄን ለብቻዋ አልሰድም ብለው በሩ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። ሱቋን ዘግታ ከአሊዩ አምባ ድረስ የወጣች ዘህራ የምትባል ነጋዴ ከፊት ተቀምጣለች።

ወደቡ ሲደርስ ሴቶቹ ከእኔ ቀድመው ጠብቂኝ አሉ። አንድ ላይ፣ እንደ ጸሎት። የሙ.ን ቃል መድገም ቀላል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። ግን ደግሜው እስከ መቼ? አትጠብቂኝ ነው የሚላት አልኩ። ሁለተኛ ክፍልም የለውም አልኩ።

ዘህራ ዞር ብላ፣ ወላሂ ያ የማይኩ ልጅ ይመጣል ብሎን ነበር አለችኝ። አልተቆጣችም፤ እሱ ባሰብኝ። እስኪያልቅ መተርጎሜን ቀጠልኩ። መብራት ሳይበራ አለቀስኩ።

መንገድ ላይ አባባ በመቋሚያቸው ጭቃውን እያሳዩኝ ፊት ፊቴ ሄዱ።

አሁን ከቅዳሴ ተመልሰዋል። ሽማግሌዎቹ ከረፋዱ በፊት ይደርሳሉ። ገብቼ እሺ በሏቸው አልኳቸው። ድሬሰሩን እወደዋለሁ አላልኩም፤ አልጠየቁኝም። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመኑት ነገር ነው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። የትናንቱን አትጠብቂኝ በሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል፤ ለማን እንዳልኩት ገብቷቸዋል መሰለኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ውሻው ይጮሃል። ደረሱ መሰለኝ፣ አባባ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሊቀበሏቸው ወጡ።