እጅዎ ላይ የቀረው ሣር

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደረትዎ ቀለል አለዎት? ሳሉስ? እኔና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ኬኔ ብቻ «አያቴ ለምን እኛ ቤት ሳያርፉ ሄዱ?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ምን ልበላት? ከሆስፒታል ወጥተው ሰፈሬን ጨለለቂን፣ የእኔንም በር፣ በባጃጅ አልፈው መሄድዎን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አንጀቴ ነው ያረረው።

አባባ፣ በአፍ እንዳልነግርዎ ሆስፒታል ስመጣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ። እንግዲህ ልጻፈው።

የከተማችሁ አምቡላንስ ጎማዋ ተነቅሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ስትወሰድ እርስዎም አይተዋል። ለምክር ቤት የመረጠኝ ሕዝብ ጠየቀኝ፤ እኔም በምክር ቤቱ ደንብ መሠረት በጽሑፍ ጠየቅሁ። የጤናው ኃላፊ ጉደታ «ጥገና ላይ ናት» ብሎ በአንድ መስመር መለሰ። እርስዎ ቢያርሙት በቀይ እስክሪብቶ «ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ» ይሉት ነበር። እኔን ስንቴ ብለውኛል! ስለዚህ እንደገና ጻፍኩ። የትኛው ጋራዥ ናት? ከመቼ ጀምሮ? ጎማዎቿን ማን ወሰደ? መልሱም በጉባኤ ፊት ይነበብልኝ አልኩ።

እሱ በመልስ ፈንታ ሽማግሌ ላከ። ጉድ እኮ ነው! ጥያቄ እንደ ጠብ ተቆጥሮ እርቅ ተጠየቀበት። ሌሎቹን መመለስ አያቅተኝም ነበር፤ የእርቁን እርጥብ ሣር ይዘው ከፊት የቆሙት እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ።

ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው ሲመጡ ቤቱን ከፍቶ ያስገባዎት የጉደታ አባት መሆኑን አስታወሱኝ። ልጁን በወረቀት አታዋርጂብኝ፣ በቃል ጠይቂው አሉኝ። እኔም ምላሴ ቀደመኝና «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም ወይ?» አልኩ። ያውም በሰው ፊት። ከሽማግሌዎቹ ኦቦ ጂሬኛ «ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። እርስዎ ያልተቀበልኩዎትን ሣር እንደያዙ ወጡ።

ስለ ጥያቄው አልጸጸትም፣ አባባ። ስለዚያ ሣር ግን ይቆጨኛል። እምቢታም ወግ አለው። ተነሥቼ፣ ጉልበትዎን ስሜ፣ ከዚያ እምቢ ማለት እችል ነበር።

መልሱ በጉባኤው ተነበበ። ጎማዎቹ የተገኙት ጉደታ በሚሄድባት መኪና ላይ ነው። እሱም ከሥራው ተነሣ፤ አብሮ አደጌ ነውና አዝኛለሁ። አምቡላንሷም ቆማ ከነበረችበት ተነሣች።

የአምቡላንሷ ሹፌር ገመቺስ እርስዎን ወደ ሆስፒታል ባመጣ ማግስት ቤቴ መጥቶ ነበር። ትንፋሽ አጥሮዎት፣ የጉቴን ከተማ እንዳለፋችሁ የመኪናዋን ወንበር ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ይህችን ከድንጋይ ላይ ያስነሣ ሰው ልጅ ይውጣለት፣ ክፉ አይንካው» ብለው መረቁ አለኝ። ማንን ነው አባባ ቢልዎ ግን ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ እዚህ ሆኜ አሜን ብያለሁ።

እሑድ ከጸሎት መልስ እመጣለሁ። እርጥብ ሣር ይዤ ደጅዎ ላይ እቆማለሁ። እጄ ላይ ቢተዉትም አልቀየምም፤ ተራዬ ነው።

ደረትዎን ይፈውስልኝ፣ ለልጅ ልጆችዎ ያቆይልኝ።

በቀይ እስክሪብቶ ያሳደጓት
ልጅዎ