በልጄ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ

ለተከበሩ የቀለም ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ ከዓመት ዓመት እንደ ደመወዝዎ እንዲጨምር፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ የሚቀሰቅሰው እንዳያገኝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ሸሚዜን የማጥበው እኔ፣ ቁልፉን የምተክለው እኔ፣ ዝናብ ሲመጣም ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን የምጠግነው እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርቤ ግድግዳ ያቆምኩ ግንበኛ ስለሆንኩ ክንዴ ገና አልከዳኝም። ፊደል የቆጠርኩት ግን ከጎለመስኩ በኋላ ነው። አነባለሁ፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ እያልኩ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍም እጄን የያዘኝ የለም፤ ልጄም አላየችውም።

ልጄ የፋብሪካዎ የሕግ ክፍል ኃላፊ ናት፤ በእርግጥ ከታገደች እነሆ አንድ ሳምንት ሆናት። ክፍሉ አራት ሰው ነበረው፤ በብልህ አመራርዎ ዛሬ ኃላፊዋም ሠራተኛዋም እሷው ብቻ ናት።

አንደኛ፣ ስለዚሁ ላመስግንዎ። አሥር ሰዓት ላይ ሠላሳ ሁለት ገጽ ውል ጠረጴዛዋ ላይ ተጥሎ፣ አሥር ተኩል ላይ ፈራሚዎቹ በሯ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ፣ ልጄ በግማሽ ሰዓት አንብባ የፋብሪካውን ጉዳት ነቅሳ ማውጣት ለምዳለች። ነቅሳ ባወጣች ቁጥር ደግሞ “የሥራ እንቅፋት” የሚል ማዕረግ ተሰጥቷታል። ማዕረግ ሲሰጥ አመሰግናለሁ ማለት ወግ ነው።

ሁለተኛ፣ ለልጄ ስለጻፉላት ማስጠንቀቂያ። ልጄ የቢሮ ምስጢር ቤት አታስገባም። ምን ሆነሻል ስላት፣ አባዬ ይተዉት፣ ሥራ ነው፣ ብላ ወሬ ትለውጣለች። ፋብሪካው ውስጥ የሆነውን በማኅተም አስደግፈው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤዎ እንደሚለው ጥፋቷ ሁለት ነው፤ የፍሳሽ ማጣሪያው ላለፉት ስድስት ወራት ያለ እንከን ሠርቷል የሚለውን የማረጋገጫ ሰነድ አልፈርምም ማለቷ አንዱ ሲሆን፣ ማጣሪያው ከቆመበት ቀን ጀምሮ በቃል መምከር ሲገባት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ መምከሯ ሁለተኛው ነው። ከፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ ማክሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ሆኖ ሲወርድ አገር ያየዋል፤ ለካ ያጠፋው የጻፈው ነው! እኔ የቱምቢዬን ገመድ ሰቅዬ ግድግዳው ጠሞ ሳገኘው ግድግዳውን ነበር የማፈርሰው። ቱምቢውን በጥሶ ለግድግዳው የምስክር ወረቀት መስጠት እንደሚቻል ሳልማር ጡረታ በመውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ አድራሻው፤ እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት ስላለበት ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ከእርስዎ ቢሮ እስከ ልጄ ቢሮ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ በዚያም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሯ አልተነሣችም። እርስዎ ግን ደብዳቤው ትንሽ አየር እንዲያገኝ አስበው በሞተር ብስክሌት ከልጄ ጋር እስከምንኖርበት ቤቴ ድረስ ላኩት። ተላላኪዎ መዝገቡን ዘርግቶ፣ አባባ መፈረም ይችላሉ ወይስ ጣትዎን ቀለም እናስነካዎት፣ ሲለኝ ደሜ ፈላ። አንተ ሳትወለድ ነው የፈረምኩት ብዬ ብዕሩን ነጥቄ ስሜን አሰፈርኩ። ከስሜ በላይ “ወክዬ ተቀብያለሁ” የሚል መጻፉን አላየሁም። ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለነበር አንብብልኝ ማለቱ ሞት መሰለኝ።

ፖስታው አልታሸገም። ክፉ ነገር ከሆነ ቀድሜ ልወቀውና አረጋግቼ ልስጣት ብዬ ከትራሴ ሥር ከተትኩት። እሷ ሥራ ስትሄድ አወጣዋለሁ፣ የበሩን ድምፅ ስሰማ እደብቀዋለሁ። የመጨረሻው መስመር ላይ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው። መስመሩ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልቀረበ ጥፋቱ እንደታመነ ይቆጠራል፣ ይላል።

በዚያኑ ቀን ከሥራም ከደመወዝም ታግዳ መጣች። አልደረሰኝም ብትል፣ ፊርማ አለ ተባለች። ያለ ውክልና የተፈረመ ወረቀት እንዳትቀበሉ እያለች ሰባት ዓመት ስትመክራችሁ የኖረች ሴት፣ ያለ ውክልና የፈረመባት የገዛ አባቷ ሆነ። ስነግራት አልጮኸችብኝም። አባዬ፣ ለምን አልጠየቁኝም? አለችኝ። እኔም እስካሁን አልመለስኩላትም።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀመጣል። ካሰናበታት፣ ጥፋቷን አምና ተባረረች የተባለችን የሕግ ባለሙያ በሩን ከፍቶ የሚያስገባት የለም። ፈርሚና ተመለሺ ካላት ደግሞ፣ ተቆጣጣሪዎች ማጣሪያውን ከፍተው ባዩ ቀን ፍርድ ቤት የምትቆመው እሷ ናት። ምሕረት ግን አልለምንዎትም፤ የራሴን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ።

ለልጄ ያለብኝን መልስ እሑድ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እከፍላለሁ፤ አፍሬ ነው እላታለሁ። ተላላኪዎን በር ላይ ሳገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረሰው። ለኮሚቴው ያለብኝን ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይዤ እመጣለሁ፤ ዘበኛው ከከለከለኝም ቆሜ እውላለሁ። ዓይናቸው እያየ ስሜን እፈርማለሁ፣ ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት። የተቀበልኩት እኔ፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ማንበብ እንደሚከብደኝም፣ ሟች ባለቤቴ እንኳ አውቃ እንዳላወቀች ትሆንልኝ የነበረውን፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት በራሴ አፍ እናገራለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን፣ ስላስተማሩኝም ሁሉ የማያልቅ ምስጋናዬን ከታላቅ አክብሮት ጋር እያቀረብኩ፣

የሕግ ክፍልዎ ኃላፊ አባት፣
ጡረተኛው ግንበኛ

ሳልረሳው፦ ከማስጠንቀቂያው ጋር የተያያዘውን የማረጋገጫ ሰነድ ቅጂም አነበብኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከግርጌው ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። አንደኛው የልጄ ነው፤ ባዶ ነው። ሁለተኛው የዋና ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እሱም ባዶ ነው። ለእርስዎስ ማስጠንቀቂያውን የሚጽፍልዎት ማን ይሆን?