ሽታው ሲጠፋ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም በወረቀት ፋብሪካው አዲስ ነገር የለም። የወረቀቱ ማሽን ቃጫ ያዘለውን ነጭ ውሃ ወደ እኛ ክፍል ለቀቀው። ከስር አየር ነፋንበት፣ ያመለጠው ቃጫ ከአረፋው ጋር ተንሳፈፈ፣ ገፈፍነው፣ ወደ ገንዳው መለስነው። ነገ ወረቀት ይሆናል። ውሃውም ወደ ማጣሪያው ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ይኸው ነው።

ፎርማኑ ከገንዳው አንድ እፍኝ ቃጫ አምጥቶ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሊጥ ስለሚመስል ቡኮ ነው የምንለው። አሸተትኩ። ሁለት ቀን አልኩ። መዝገቡን አየ... ልክ ሁለት ቀን! ሰዎቹ ሳቁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እዚህ የሚያውቅ የለም። አፍንጫ ነኝ።

ቡኮ ሲገማ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የጋዝ መለኪያው ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ይለብሳል። ማን ይፈልገዋል? ገንዳ ሊጠረግ ሲል ክዳኑ ይከፈታል፣ ይጠበቃል፣ እኔ አሸታለሁ። «ጠፍቷል» ካልኩ ሰው ይገባል።

የባለቤቴ ወንድም ከማሸጊያ ክፍል ወደ ጠራጊዎቹ ተዛወረ። ሳቂታው ይሉታል፣ ጥርሱ አይከደንም። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ባለቤቴ ናት። ስነግራት እጇን በቀሚሷ እያደረቀች «አደራህን» አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሽንኩርት አረረ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ! ባለቤቴ ከጓሮ ሮጣ ገባች፤ አፍንጫ ተብዬው እያለች ሳቀችብኝ። እኔ ግን ጭሱን አየሁት እንጂ አልሸተተኝም። ቀኑን የዋልኩት የተበላሸ ገንዳ አፍ ላይ ነበር... ከዚያ ይሆን? ጉንፋን ነው አልኳት። ጉንፋን የለብኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጠዋት ሳሙናው ሸተተኝ። እፎይ። ለማንም አልናገርም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የፓምፑ ሞተር ተቃጠለ። ፋብሪካው ቆመ። ትልቁ ገንዳ ቡኮውን እንደያዘ ቀረ። ሲቆይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ እንደ ገማ እንቁላል... ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈልግም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ገና እንደቆመ ነው። ይገማል። ዘበኛው በር ላይ ሆኖ ይራገማል።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሞተሩ መጣ። ፈሳሹን አወጡት፣ ከስር የረጋው ግን በሰው እጅ መጠረግ አለበት። ነገ። የገንዳው አፍ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ሰው ይፈለጋል። ቀጭኑ ሳቂታው ነው።

ፎርማኑ ጋ ሄጄ ለመለኪያው ባትሪ ይገዛ አልኩት። «አንተ እያለህ?» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። የሽንኩርቱን ነገር ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ተመለሰ። አፍንጫ አፍንጫው ከዳው ሊሉ ነው ብዬ... ይሉኝታ! በሰው ነፍስም ይሉኝታ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክዳኑን ከፈትን። ግማቱ ፊታችንን መታን፣ ሁሉም ሸሸ። እኔ አልሸሸሁም። ለሳቂታው ብዬ፣ እርግጠኛ ልሁን ብዬ፣ ጎንበስ እያልኩ ደጋግሜ አሸተትኩ። ቀነሰ። ደግሜ ጎንበስ አልኩ... የለም። ምንም።

ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር አልኩ። እንዲህ ያለ ልማድ የለንም፤ ፍርሃቴ ነው ያናገረኝ። ፍየል አደረግከኝ ብሎ ሳቀ፣ ግን ታሰረ። ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ያዝልኝ። እንዳትበላብኝ ደግሞ።»

ፎርማኑ እንዴት ነው አለኝ። «ጠፍቷል» አልኩ። በዚህ አፌ።

ወረደ። እኔ ላበሽቀው ብዬ የብርቱካኑን ልጣጭ በጥፍሬ ጫርኩት። ጭማቂው ጣቴን አረጠበው። አልሸተተኝም። አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት። ምንም! ለካ የጠፋው የገንዳው ሽታ አይደለም። የጠፋሁት እኔ ነኝ።

ውጣ ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ገመዱ ከበደ። ፎርማኑ ሊያወጣው ዘሎ ሊገባ ሲል አንገትጌውን ያዝኩት፤ «አትግባ፣ አፍንጫዬ ሞቷል!» አልኩት። ለሦስት ጎተትነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሣሩ ላይ አጋደምነው... ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ አሳለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሐኪም ቤት ነን። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስለዋል፣ ግን ይተርፋል ተባለ። ሐኪሙ ነገሩን አስረዳኝ። ጋዙ ጥቂት ሲሆን ይሸታል፣ ሲበዛ የማሽተቻውን ጅማት ያደነዝዘዋል፣ ሰውየው ግን ጋዙ የሄደ ይመስለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ስንት ሰው «ጠፍቷል» ብዬ አስገባሁ? እስከዛሬ ያተረፋቸው እኔ አይደለሁም።

ሳቂታው መናገር ሲችል መጀመሪያ የጠየቀው ብርቱካኑን ነው።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። የሽንኩርቱንም። የወንድሟን ሸሚዝ ስታጥፍ ነበር፣ እጇ ቆመ። «ያን ዕለት ብትነግረኝ እኔ ራሴ ፎርማኑ ጋ እሄድ ነበር» አለች። ሸሚዙን አጥፋ ጨርሳ ወደ ወንድሟ ዞረች። አደራ በላ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሠራተኛው ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቼ ተናገርኩ። ፈርቼ የደበቅኩትን ሁሉ። ማንም አልሳቀም። አንድ አሮጌ ጠራጊ ብቻ እሱም ስንቴ ራሱን አዙሮት ከገንዳ እንደወጣ፣ ቁርስ ስላልበላ መስሎት እንደነበር ተናገረ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

መለኪያው ባትሪ ገባለት። አሁን በሲባጎ ታስሮ ከሰው በፊት ይወርዳል። ማራገቢያም ተተክሏል። ሳቂታው ተመልሷል፣ ግን አይወርድም፤ ገመድ ያዥ ሆኗል። ባለቤቴ ጠዋት ምሳዬን ስትቋጥርልኝ አንድ ብርቱካን ጨመረችበት።

ዛሬ ትንሹን ገንዳ ከፈትን። ግማቱ መጣ። ቆየ። ቀነሰ። ብርቱካኑን ጫርኩት፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት... ምንም።

ፎርማኑ ልማድ ሆኖበት «አፍንጫ፣ እንዴት ነው?» አለ።

«ጠፍቷል» አልኩ።

ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ሳቂታው ከሁሉም ቀድሞ፣ እኔንም በክንዴ እየጎተተ። መለኪያው ከታች መጮህ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።